ዜማውን ያልተማረው ወፍ

ለምን ጡረታ ወጣህ የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ጉልበቴን አሳየዋለሁ። ደረጃ ስወርድ ያየኝ ሰው ሁለተኛ አይጠይቀኝም። ለምን ዘገየህ ብላ የጠየቀችኝ ግን ልጄ ብቻ ናት። ጉልበቴ ከከዳኝ በኋላ ሁለት ዊንተር ሙሉ ሥራ ላይ የቆየሁት በአንድ ወፍ ምክንያት ነው። ክብደቱ ከነፖስታው አንድ ደብዳቤ ቢያክል ነው።

ዴንቨር የመጣሁት ሱዳን በስደት ከቆየሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ኤርፖርት አካባቢ ባለ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጠብኩ፤ ቀጥሎ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ አደረግኩ። የወፍ ቤቱን ሥራ የነገረኝ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ነው፤ ጽዳት ይፈልጋሉ አለኝ። ዴንቨር አልቆ አውሮራ ሊጀምር ሲል ያለ፣ የሞቃት አገር ወፎችን የሚያረባና ለጎብኚ የሚያሳይ የግል ድርጅት ነበር። ስሙን ልተወው። ደመወዙ ከሆቴሉ አይሻልም።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት በበረዶ ነው። ጫማዬ ርሷል፣ ጆሮዬ ደንዝዟል። የመጀመሪያውን በር ከፈትኩ፤ ሁለተኛውን ስከፍት ሙቅና እርጥብ አየር ፊቴ ላይ ተደፋ። መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፈነ። ምንም አላይም፤ ግን ከላይ ከቅጠሉ ውስጥ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ፉጨት፣ ጭውጭውታ። በሩን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

“በሩን ዝጋ! ዝናቤን እያስወጣህብኝ ነው” የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ዶሪስ ነበረች። የወፎቹ ዋና ጠባቂ። ያኔ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ይጠጋል። በአማርኛ ቢሆን “እርስዎ” ከማለት በቀር አፌ አይታዘዘኝም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ዶሪስ ዶሪስ ናት፤ አለቃዬም ሆና፣ አስተማሪዬም ሆና ዶሪስ ብቻ ነበረች።

ስለ ዝናቡ የቀለደች መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ኮሎራዶ ከፍታ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ እጅህ ይሰነጠቃል፣ ከንፈርህ ይላጣል። እነዚያ ወፎች ደግሞ ዝናብ የማያቋርጥበት ደን ልጆች ናቸው። ከጣሪያው ላይ ጭጋግ የሚረጩ ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩ። ዶሪስ ከቢሮ ሰው ሁሉ ጋር የምትጣላው ስለ ውኃ ነው።

ልማዷ ብዙ ነው። ወደ ወፎቹ ክፍል ስትገባ በሩ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ሰው ሲገባ ወፎች ዝም ይላሉ። “ዝም ካሉ ገና እንግዳ ነህ፤ ወሬያቸውን ሲቀጥሉ ያኔ ግባ” ትለኝ ነበር። ፓፓያውን፣ ማንጎውን፣ በለሱን ሳትቀምስ አትሰጥም። የጎመዘዘውን ራሷ ትበላዋለች እንጂ አትጥለውም። ለወፍ ስም አታወጣም፤ እግራቸው ላይ ባለው ቀለበት ቀለም ነው የምትጠራቸው። ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች፤ ራዲዮ እንኳ አትከፍትም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ “ቀኑን ሙሉ ስሰማ እውላለሁ። ጆሮዬም ምሳ ይፈልጋል” አለችኝ።

ጽዳቱን ጨርሼ ቆሜ ሳያት፣ ወረንጦ አስያዘችኝ። ከዚያ ትል እንዴት እንደሚሰጥ፣ ፌንጣ እንዴት እንደሚደቅቅ፣ ወፍ ሳይያዝ እንዴት እንደሚመዘን አሳየችኝ፤ ትንሿ ሚዛን ላይ ማረፊያ እንጨት ትተክላለህ፣ ፍሬውን ከእንጨቱ ጫፍ ፊት ታስቀምጣለህ፣ ራሱ መጥቶ ሲቀመጥ ታነባለህ። ማታ ማታ ኮሌጅ ገብቼ የሚጠየቀውን ኮርስ ወሰድኩ። ሙሉ ጠባቂ ሆንኩ።

የደሴቷ ወፎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ካለች አንዲት ሞቃት ደሴት በቀር በዓለም ላይ የትም የሌሉ ናቸው። የወፏ ስም ከደሴቷ ስም ጋር ስለሚጠራ ድርጅቱን ያሳብቃልና አልጽፈውም። ከሆዷ ቢጫ፣ ከጀርባዋ የወይራ ቅጠል ትመስላለች፤ ዓይኗን ነጭ ቀለበት ስለከበባት ሁልጊዜ የደነገጠች ይመስልሃል። በመርከብ ጭነት ተደብቆ የገባ እባብ ከየጎጆው እንቁላሉን እየለቀመ ጨረሳቸው። የቀሩት እንዳይጠፉ ጥቂቶቹ ተይዘው ወደ አሜሪካ መጡ። ለእኛ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ደረሱን።

ወንዱ ጠዋት ጠዋት ያዜም ነበር። ዜማው ከትንሽ ብርጭቆ ወደ ትንሽ ብርጭቆ ውኃ ሲቀዳ የሚሰማ ዓይነት ነው፤ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ ቀና ይላል። ዶሪስ ስትሰማው ሥራዋን ታቆማለች። ሴቷ አታዜምም፤ ቀረብ ብላ ትሰማዋለች።

ጎጆ ሠሩ፤ እንቁላል ጣሉ። እንቁላሎቹ ደረቁ። እንቁላል ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በቅርፊቱ ውስጥ ይተነፍሳል፣ በትንፋሹ ውኃ ያጣል። በዚህ ከፍታ ከሚገባው በላይ ያጣል። አንዱን ጫጩት ዶሪስና እኔ አብረን ጠበቅነው። ቅርፊቱን ከውስጥ በስቶ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። የውስጡ ስስ ሽፋን ደርቆ ገላው ላይ ተጣብቆ አላፈናፍን ብሎታል። ዶሪስ በእርጥብ ጥጥ ለማላቀቅ ስትሞክር እጇ ላይ ሞተ። የባቄላ ፍሬ ያክል ነበር።

“ዝናብ ጨምር” አለችኝ።

ጨመርን። የወፎቹ ሐኪምም የድርጅቱ ሃላፊያችንም ተስማሙ፤ ቱቦዎቹ ሌትና ቀን እንዲረጩ አደረግን። ግድግዳው አላበው። የሚቀጥሉት እንቁላሎች ክብደት እንደሚገባው ቀስ እያለ ወረደ፤ ደስ አለን። ግን እርጥበቱ ለእንቁላል ብቻ አልነበረም የተመቸው። ከአፈሩና ከሚበሰብሰው ቅጠል ሻጋታ ተነሣ፤ አይታይም፤ በአየር ውስጥ ነው። ወንዱ ወፍ አንድ ጠዋት ሳያዜም ቀረ። አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ጀመር። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ፤ መድኃኒት ተሰጠው። ሳምንት ሳይሞላው ከማረፊያው ሥር ወድቆ አገኘሁት። ሴቷ ጎጆዋን ትታ ወጣች፤ ከእንቁላሎቹ አንዱ ብቻ ሕይወት ነበረው። ወደ ማስፈልፈያው ማሽን ወሰድነው።

ልጁን ለማዳን ያመጣነው ዝናብ አባቱን ገደለው። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ትልቁ ውድቀት እሱ ይመስለኝ ነበር። ገና ነበር።

ጫጩቱ ተፈለፈለ። ዕውር፣ ራቁቱን፣ አፉ ብቻ የሆነ ፍጥረት። ከጠዋት እስከ ምሽት፣ እየተፈራረቅን በወረንጦ ጫፍ አጎረስነው። የወፍ መልክ እንዲያውቅ ብለን ከጎኑ ቀለም የተቀቡ ሁለት አሻንጉሊት ወፎች አቆምን። ያን ጊዜ ባለቤቴ የሺ በሕይወት ነበረች፤ አውሮራ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነበር የምትሠራው። ቤት ገብቼ ስለ ጫጩቱ ስነግራት፣ “በሰው ቤት ያደገ ከሆነማ ሙሴ ነው” አለች። ሙሴ ሆኖ ቀረ። ለወፍ ስም የማታወጣው ዶሪስ ሳትቀር “ሙሲ” ትለው ጀመር።

ላባ አወጣ። በረረ። ሐኪሙ መዝኖት ፈገግ አለ። ኬክ ተቆረሰ፤ ድርጅቱ ፎቶ አነሣን። ከዚያ ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ አንድ ጠዋት ዶሪስ ምግብ እየከተፍኩ ሳለ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

“ሰማኸው?”

ሰማሁ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ከዚያ ሽሽሽ። “የምግቡ ጋሪ ነው” አልኳት። ምግቡን በየክፍሉ እየገፋን የምናደርስበት ጋሪ ነበር፤ አንዱ ጎማው ዘይት ያስፈልገው ነበር።

“ጋሪው እዚህ አንተ ጋ ነው ያለው” አለችኝ።

ዘወር ብዬ ጋሪውን አየሁት። አጠገቤ ቆሟል። ወደ ክፍሉ ሄድን። ሙሴ ማረፊያው ላይ ጉሮሮውን ነፍቶ በሙሉ ልቡ ያዜማል። ጋሪውን ነበር የሚያዜመው። ሲጢጥ የጎማው ነው፤ ሽሽሽ የሚለው ከጣሪያው የሚረጨው ውኃ ነው።

እንደዚህ ያለ ወፍ ዜማውን ይዞ አይወለድም፤ ትንሽ ሳለ ከአባቱ ሰምቶ ነው የሚማረው። ይህን ዶሪስም ሐኪሙም ያውቁት ነበር፤ ስለ ክብደቱ ስንጨነቅ፣ ስለ ሻጋታው ስንጨነቅ፣ ስለ ጆሮው ያሰበ አልነበረም። ዶሪስ ያን ዕለት ከሰዓት ተንበርክካ የጋሪውን ጎማ ዘይት ቀባችው።

ከደሴቷ የተቀዳ ድምፅ አስመጣን። ሴቷን፣ እናቱን፣ ወፍ እንዲለምድ ብለን ከሙሴ ጋር በሽቦ መረብ ለይተን አጎራብተናት ነበር። ሙሴ ሲያያት ክንፉን አርገፍግፎ አዜመላት፤ ጋሪውን ነዳላት። አንገቷን ሰበር አድርጋ ትንሽ አዳመጠችው፤ ከዚያ ወደ ሩቁ ጥግ በረረች። በየቀኑ እንዲሁ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ቅጠል ውስጥ ሰቅለን የደሴቷን ዜማ ስንለቅ ግን ሴቷ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ መጣች። ማጉያው ላይ ተቀመጠች። ከኋላው ዞረች፣ ከሥሩ ገባች፣ ፈለገችው። ሙሴ ከመረቡ ወዲያ ዝም ብሎ ያያታል። እሱ የሚማርበት ጊዜ አልፎ ነበር፤ ያ ዜማ ለእሱ የሌላ አገር ድምፅ ነው።

ዶሪስ ማጉያውን አጠፋችው። “ይብቃ፤ ይህ ማታለል ነው” አለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ሴቷ ወደ ምሥራቅ፣ የሚያዜም ወንድ ወዳለበት ሌላ ድርጅት በአውሮፕላን ተላከች። እዚያ ወልዳለች፤ ጫጩቶቿም አዜሙ የሚል ኢሜይል ደረሰን። ሙሴን የሚወስድ አልተገኘም። ጋሪውን ለሌሎች ጫጩቶች እንዳያስተምር ስለተፈራ ከሌሎች ጋር አይቀላቀልም፤ ደግሞም ሰው እንጂ ወፍ አይወድም። የመስተዋት ግድግዳ ያለው ክፍል ተሰጠው፤ ጎብኚው ከጨለማው ኮሪደር ሆኖ ያየዋል፣ እሱ ጎብኚውን አያይም።

ዶሪስ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ኦሪገን ወደሚኖር ልጇ ሄደች። የመጨረሻ ቀን ሰው ሁሉ ሲያቅፋት ቆይታ፣ እኔ ጋ ስትደርስ፣ “ክብደቱን በየቀኑ እይ” ብቻ አለችኝ። ለገና እንደዋወል ነበር። አንድ ገና የደወለልኝ ልጇ ነው፤ ገና ሳይናገር ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እኔና ሙሴ ቀረን ማለት ይቻላል። አዳዲስ ሠራተኞች መጥተው ይሄዳሉ። ስገባ በሩ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሱ ግን ዝም አይልም፤ ገና ጥላዬን ሲያይ ጋሪውን ያዜምልኛል። ዘር የሚተካ ወንድ ለሴት የሚያደርገውን ሁሉ ለእኔ ያደርጋል፤ የቅጠል ክር አምጥቶ እጄ ላይ ያስቀምጣል። ወስጄ ኪሴ እከተዋለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

የሺ ስትታመም ፈቃድ ወሰድኩ። ረጅም አልነበረም ሕመሟ። ቀብሯን አድርሰን ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ሃላፊያችን ናት፤ መኩሪያ የሚለው ስሜ ስለሚከብዳት መክ ነው የምትለኝ። “መክ፣ በእንዲህ ያለ ቀን መደወሌን ይቅር በለኝ። ወፉ አይበላም። ክብደቱ አስፈሪ ነው” አለችኝ።

ተነሣሁ። ልጄ ሳምራዊት በሩ ላይ ደረሰችብኝ።

“አባዬ፣ የት ነው?”

“መጣሁ፣ አንዴ ሥራ ቦታ ደርሼ።”

“ቱዴይ? አባዬ፣ ዛሬ?” ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

በጥቁር ልብሴ ገባሁ። ሙሴ ላባው ተነፍቶ ጥግ ላይ ኩምሽሽ ብሏል። ጥቁሩን ሲያይ ሸሸ። “እኔ ነኝ” አልኩት በአማርኛ። “እኔ ነኝ፣ ና።” ድምፄን ሲሰማ ወረደ፤ ትሉን ከወረንጦው ላይ ወሰደ። ሌላ ሰጠሁት። በላ። የሺ ከሞተች ጀምሮ እንባ አልወጣኝም ነበር፤ እዚያ፣ እርጥብ ቅጠል መሀል ተቀምጬ አለቀስኩ። ስመለስ እድርተኞቹ እራት እያቀረቡ ነበር፤ የት ሄደህ ነበር ያለኝ የለም። ልጄም ለብዙ ወራት ያን ቀን አላነሣችብኝም።

ጉልበቴ የከዳኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሳምራዊት ከአውሮራ አጠገብ ሴንቴኒያል የምትባል ከተማ ቤት ገዝታለች፤ ደረጃ የማያስወጣ ክፍል አዘጋጅታ፣ መታጠቢያው ላይ የሚያዝ ብረት አስገጥማ ትጠብቀኛለች። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ የወፍ ቤቱን ደረጃ እያነከስኩ እወጣለሁ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ መኪናዋን ዳር አቆመችው።

“አባዬ፣ መቼ ነው የምታቆመው?”

“ወፉ ከሌላ ሰው አይበላም። አይተሻል።”

“ኢትስ ኤ በርድ፣ አባዬ።”

“ወፍ መሆኑን አውቃለሁ።”

መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፣ “እኔስ? እኔም እናቴ ሞታብኛለች። ያን ቀን እኔን ትተህ ሄድክ” አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀን ለሃላፊያችን እንደምለቅ ነገርኳት፤ ሙሴን የሚረከብ ሰው እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

የመጣችው ማሪሶል ናት። ቶርንተን የምትኖር፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሌላ ቦታ በቀቀን ስትጠብቅ የቆየች ሴት ናት። ንግግሯ ጥቂት ነው። መጀመሪያ አብረን ገባን። ከዚያ ወረንጦውን እሷ ይዛ እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ እኔ በሩ ሥር፣ እሷ መሀል። ሙሴ በእሷ ራስ ላይ አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። በሩን ዘግቼ ስወጣ በሩ ላይ ይለጠፋል። እኔ ካልሰጠሁት አይበላም፤ ሳምንታት አለፉ።

አንድ ከሰዓት ማሪሶል ወረንጦውን አስቀመጠች።

“ሚስተር መኩሪያ፣ አትቀየመኝ። አንተ እዚህ ሕንፃ ውስጥ እስካለህ ድረስ ከእኔ አይበላም። እርምጃህን ይሰማል። መቅረት አለብህ፤ ለጉብኝት እንኳ አትምጣ።”

“ባይበላስ?”

“ክብደቱ ከሚፈቀደው ከወረደ እደውልልሃለሁ። ቃሌ ነው።”

“እና ከዚያ?”

“ከዚያ አላውቅም” አለች። ስላልዋሸችኝ አመንኳት።

ያን ዕለት ሙሴን ተሰናብቼው አልወጣሁም። እንደ ሁልጊዜው ውኃውን ቀየርኩ፣ ወጣሁ።

አውሮራ አፓርታማዬ ውስጥ ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ሰነበትኩ። ሻወር ስገባ እንኳ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስልኩ ካልጮኸ በልቷል ማለት ነው እላለሁ፤ ደግሞ፣ ሞቶ ሊነግሩኝ ፈርተው ነው እላለሁ። ጠዋት በሥራ ሰዓቴ እነቃለሁ፤ ለማን ፓፓያ እንደምከትፍ ሳላውቅ ኪችን ውስጥ እቆማለሁ። አንዳንዴ መኪናዬን ይዤ እወጣና ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጬ እውላለሁ። ሳምራዊት ትደውላለች፤ “ደህና ነኝ” እላታለሁ። ስልኩ ሲጮኽ ልቤ ቀጥ ሲል፣ እሷ መሆኗን ሳይ ደግሞ ቅር ሲለኝ፣ ራሴን ታዘብኩት።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ የማሪሶል መልእክት መጣ። “ና። በጎብኚ በኩል። አትናገር፣ መስተዋቱን አትንካ።”

ትኬት ቆርጬ ገባሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚያ ኮሪደር የቆምኩት መስተዋት ስወለውል ብቻ ነው። ጨለማ ነው፤ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ቆየችና፣ “ይሄኛው ባዶ ነው መሰለኝ” ብላ አለፈች። እኔ ግን አይቼዋለሁ። ግራ በኩል፣ ከሰፊው ቅጠል ሥር ነበር። የዓይኑ ነጭ ቀለበት ታየኝ።

ማሪሶል ገባች። በሩ ሥር ቆመች፤ አልቸኮለችም። ሙሴ ራሱን ወደ እሷ አዞረ። መስተዋቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ ግን ጉሮሮው ሲነፋ፣ ክንፉ ሲርገፈገፍ አየሁ። እያዜመላት ነበር። ወደ ታች ወረደ፣ ከወረንጦዋ ላይ ትሉን ወሰደ፣ ዋጠ። ሁለተኛውን ወሰደ። ከዚያ ሄዶ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ የቅጠል ክር ነቅሎ መጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

እኔን አላየም። ሊያየኝም አይችልም። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማኝ፤ ያው ነገር መልሶ ሲያርፍም ተሰማኝ። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። እንዲበላ ነበር የለመንኩት፤ በላ። ማሪሶል ወደ ጨለማው መስተዋት ቀና ብላ፣ የት እንዳለሁ ሳታውቅ፣ “አዎ” እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ለልጄ ደወልኩ።

“አባዬ? ምነው?”

“ወፍ ቤት ደርሼ መጣሁ።”

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

“በላ?” አለችኝ።

“በላ። ከሴትዮዋ እጅ በላ።”

“አንተስ?” አለችኝ። “ምሳ በልተሃል?”

“አልበላሁም።”

“እና ና” አለችኝ።

መኪናውን አስነሥቼ ወደ ሴንቴኒያል ነዳሁ።